ዝሆን ልናይ ማርሳቢት ወጣን

ሐሙስ

ሞያሌ ተወልዶ ሞያሌ ያረጀ ሰው ተራራን የሚያውቀው በሩቁ ነው። እኔ ማርሳቢትን በወጣትነቴ ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ግን በከብት መኪና ላይ፣ በበሬ ቀንድ መካከል እያንቀላፋሁ ነበርና አየሁት ማለት አይቻልም። አሁን ጉልበቴ የቤቴን ደረጃ ለመውጣት ልመና በሚፈልግበት ዕድሜ “ተራራ ላይ ልናፈስ፣ ዝሆን ልይ” ብዬ ስነሳ፣ በር ላይ የሸኙኝ ደንበኞቼ ዝሆኑ እኔን አይቶ ምን ይል ይሆን ብለው ሲከራከሩ ሰማኋቸው። ክርክሩ ወደ ምን እንዳዘነበለ አልነግራችሁም።

ለማያውቀኝ ሰው፣ በኬንያው ሞያሌ ወደ ሄሉ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። አለኝ እላለሁ እንጂ የምትመራው ባለቤቴ አስካለ ናት። የእኔ ሥራ ደንበኛ ማጫወትና የተሰበረ ወንበር ላይ መጀመሪያ ተቀምጦ ለሌላው ማስጠንቀቅ ነው።

ለአስካለ የነገርኳት መናፈስ ነው ብዬ ነው። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ልጃችን ማርታ የምትኖረው ማርሳቢት ነው። ኢሲዮሎ ስትማር ጃተኒ ከሚባል የቦረና ልጅ ጋር ተዋወቀች። እሱ እስላም ነው፣ እሷ ክርስቲያን፤ ሁለቱም በየሃይማኖታቸው እንዳሉ ቢሮ ሄደው ተፈራርመው ተጋቡ። ሽማግሌ አልተላከ፣ እኛም አልተጠየቅን፤ የሰማነው ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ጥቂት ቀን ተቆጣሁና ሰለቸኝ፤ ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል። አስካለ ግን “ቤቷን አልረግጥም” አለች፣ ይኸው አልረገጠችም። ስልክ ሲደወል “ደህና ነሽ?” ትልና መልሱን ሳትጠብቅ ለእኔ ታቀብላለች።

አሁን ማርታ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ በኩሯን ስትወልድ እናቷ አጠገቧ ትሆናለች፤ ገንፎዋን የምታገነፋ፣ ወገቧን የምታሽ፣ ጠያቂ የምታስተናግድ እናት ናት። ማርታ በስልክ “አባዬ፣ እማዬ ካልመጣች እፈራለሁ” ስትለኝ “አመጣታለሁ” አልኩ። እንዴት እንደማመጣት ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ማሰብ የጀመርኩት። ሁልጊዜም ሥራዬን የምጀምረው ከመጨረሻው ነው።

ያሰብኩት ይህን ነው። አስካለ የጃተኒን ፎቶ እንኳን አላየችም፤ ሲያሳዩዋት ፊቷን ታዞራለች። ስለዚህ እሱ የአጎቱን ላንድክሩዘር ይዞ፣ የተከራየነው ሾፌር መስሎ፣ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ተራራውን ያዞረናል። ማንነቱን ሳታውቅ ትወደዋለች። ከዚያ “ቤቴ ቅርብ ነው፣ ሻይ ጠጡ” ይላል። ከገባች በኋላ ያለውን ማርታ ትጨርሰዋለች።

ዓርብን የመረጥኩት ደግሞ በብልሃት ነው። ሞያሌ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እኛና እስላም ጎረቤቶቻችን በሁሉም ነገር አንድ ላይ ነን፣ የምንለያየው ሥጋ ላይ ነው። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ ድግስ ሲኖር ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት ነው። ዓርብ ግን ጾም ነው፣ የማንም ሥጋ የለም። ድንችና ባቄላ ላይ ደግሞ ማንም ተጣልቶ አያውቅም። ጊዜው ሐምሌ ስለሆነ የሰኔው ጾም ተፈቷል፣ ፍልሰታ ገና አልገባም፤ ዓርብን ካለፍኩ አስካለ “ሥጋችሁን አልበላም” ብላ ከበር የምትመለስበት ሰበብ ይኖራታል። ለጃተኒም በስልክ “የምንመጣው ዓርብ ነው፣ ዓርብ ማለት ይገባሃል” አልኩት። እሱም “በጣም ገብቶኛል ምዜ” አለኝ። ምዜ ማለት በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ኬንያ ውስጥ ክብር ነው፣ እኔ ላይ ሲሆን መግለጫ ነው።

የአስካለ አንድ ነገር ብቻ አጠራጠረኝ። “ማርሳቢት ሄደን ብንናፈስስ?” ስላት ወዲያው “እሺ” አለች። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ ወዲያው የሚመጣ እሺ ያስፈራል።

ጠዋት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተነሳን። እናንተ የዱሮውን መንገድ የምታስታውሱ፣ አሁን አስፋልት ነው፤ ሻይ ብትይዙ አይፈስም። ዱሮ በጭነት መኪና ላይ አቧራ እየዋጥን ሌሊቱን መንገድ ላይ የምናድርበት ቦታ፣ ዛሬ አንድ እንቅልፍ ነው። ወደ ሶሎሎ ስንጠጋ ወደ ኦቦና ወደ ኡራን የሚገነጠሉት የአፈር መንገዶች ብቻ እንደ ዱሮው ናቸው፤ በሞተር ብስክሌት ላይ አንዲት ሴትና ሁለት ፍየሎች ከነሹፌሩ ሲሄዱ አየን። ፍየሎቹ ከሁሉም ተረጋግተው ተቀምጠዋል።

ኬላ ላይ ፖሊሱ ኪታምቡሊሾ፣ ማለትም መታወቂያ ጠየቀን። የእኔን ፎቶ አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። “ይህ ልጅዎ ነው?” አለኝ። አስካለ በመስኮት በኩል ዞራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ከቱርቢ ወዲያ ዲዳ ገልገሉ የሚባለው ሜዳ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ እንደ ዘር የተዘራበት፣ ዛፍ የሌለበት። እኛ ሞያሌን ደረቅ ነው እያልን እናማርራለን፤ ይህን ላየ ሞያሌ የአትክልት ቦታ ነው። ከዚያ ቡቢሳን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ድንገት አየሩ ተለወጠ። መስኮቱ ላብ ያዘው፣ አፌ እንደ ድስት መተንፈስ ጀመረ። አስካለ ቀስ ብላ ጋቢዋን አወጣች። እኔ በእጀ ጉርድ ሸሚዝ ነበርኩ፤ ሐምሌ ሁሉ የሞያሌ ሐምሌ መስሎኝ። ጋቢዋን ታጋራኛለች ብዬ ጠጋ አልኩ። “ተናፈስ እንጂ” አለችኝ።

ያረፍነው ማማ ጉማቶ የምትባል ባልቴት ማረፊያ ነው። ስታየኝ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነበርና ምንም ሳትጠይቅ ገብታ የሟች ባሏን ካፖርት አመጣችልኝ። ሰውየው ወታደር ነበር፤ በቁመትም በወርድም የእኔን እጥፍ ይሆናል። ኮሌታው ጆሮዬን አልፎ ቆመ፣ እጅጌው ጣቶቼን ዋጠ። አልሰጥህም ብትለኝ እንኳን እሰርቀው ነበር፣ እንዲህ ይሞቃል። ሴትዮዋ በቀይ ባልዲ ሙቅ ውሃ፣ ጎመንና ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ይዛልን መጣች። እኛ እንግዳ ሲመጣ ወንበር እናወጣለን፤ እነሱ ሙቅ ውሃ ያወጣሉ። የትኛው እንደሚሻል እግሬን ጠይቁት።

ዓርብ

ጠዋት በር ስከፍት ዓለም የለም። እኛ አገር ማየት የሚከለክለው አቧራ ነው፤ አቧራ ቀይ ነው፣ ይቆጠቁጣል፣ ያልፋል። ጉም ግን ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የትም አይሄድም። ግቢው ውስጥ ጥቂት እርምጃ እንደሄድኩ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ክብ ጀርባ ያለው ነገር ቆሞ አየሁ። አልተንቀሳቀሰም። እኔም አልተንቀሳቀስኩም። ወደ ኋላ በቀስታ ተመልሼ “አስካለ፣ ዝሆን! ግቢ ገብቷል” ብዬ ተንሾካሾክኩ። ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች፣ ቆማ አየችው፣ ከዚያ ሄዳ ጎኑ ላይ ያለውን ቧንቧ ከፍታ ፊቷን ታጠበች። የማማ ጉማቶ የውሃ ሮቶ ነበር።

ጃተኒ በጉሙ ውስጥ የመኪና መብራት አብርቶ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ልጅ ነው። አስካለን “ነጋያ፣ ማማ” ብሎ ሰላም ያለው መኪናውን እያየ ነበር። እሷ ከኋላ ገባች፣ እኔ ከፊት። ልጁ መሪውን ሲይዝ መጀመሪያ ያደረገው እጁን አንስቶ ኋላ የሚያሳየውን ስፖኪዮ ወደ ጣሪያው ማዞር ነው። እኔ ገባኝ። በእነሱ ባህል ወንድ የሚስቱን እናት ፊት ለፊት አያይም፤ ነውር ነው። ስፖኪዮው እንዳለ ቢሆን ቀኑን ሙሉ አማቱን ሊያይ ነው። በጆሮው “መልሰው፣ ታውቅብናለች” አልኩት። “አልችልም ምዜ” አለኝ፣ እንደሚታመም ሰው። ወደ ኋላ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። አስካለ በመስኮት ጉሙን ታያለች። ምንም አላየችም ብዬ ተጽናናሁ። የእኔ መጽናኛ ሁልጊዜ እንዲህ ርካሽ ነው።

ጫካው ውስጥ ገባን። ስለ ማርሳቢት ጫካ ውበት ልጽፍላችሁ ፈልጌ ነበር፤ ያየሁትን ልንገራችሁ ብል ግን ነጭ ብቻ ነው። ጃተኒ መኪናውን እያቆመ ያስረዳናል። “እዚህ ሐይቅ አለ፣ በጣም ትልቅ፣ ዙሪያው ገደል ነው።” አየን፣ ነጭ ነው። “ጎሽ እዚህ ጋ ውሃ ይጠጣል፣ ብዙ።” ነጭ። “አጋዘን፣ ቀንዱ የተጠማዘዘው፣ እዚያ ላይ ይቆማል።” በዚህ ዓይነት ብዙ አውሬ ጎበኘን። ሞያሌ ሆኜም እንዲሁ ቢነግረኝ ኖሮ ካፖርት አያስፈልገኝም ነበር። እኔ ግን ከአንድ የከብት ደላላ የተዋስኩትን ሩቅ ማሳያ መነጽር አውጥቼ ጉሙን በቅርብ አየሁት። ሲቀርብም ነጭ ነው።

ቅርብ የነበሩት ዛፎች ብቻ ይታያሉ። ከቅርንጫፋቸው አረንጓዴ ጢም ተንጠልጥሏል፣ ከጢሙም ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሳይዘንብ ይዘንባል። እኛ አገር ደመና ጠብቀን፣ ደመናው አልፎን ሄዶ ተራራ ላይ ለካ እንዲህ ተኝቶ ነው የሚውለው። አስካለ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን አውጥታ ጠብታውን ስትቀበል አየኋት። ይህን ሳይ ደስ አለኝ።

አንድ አውሬ ግን በእርግጥ አይቻለሁ። ቆመን ሳለ ለራሴ የያዝኩትን የቆሎ ከረጢት ከካፖርቱ ኪስ አወጣሁ። ከጉሙ ውስጥ አንድ ፀጉራም እጅ መጣ፣ ከረጢቱን በትሕትና ከእጄ ወሰደ፣ ተመልሶ ገባ። ዝንጀሮ መሆኑን ያወቅኩት ጉሙ ውስጥ ሲቆረጥም ሰምቼ ነው። ጃተኒ ሊያዝንልኝ ፈልጎ ሳቁ አመለጠው። ከኋላም ሳቅ ሰማሁ። በሁለቱ ሳቅ መካከል ተቀምጬ፣ ነገሩ እየሠመረ ነው አልኩ፤ ሽማግሌያችን ዝንጀሮ ቆሎዬን ይዞ ቢሄድም አልከፋኝም።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ጃተኒ ለጁምዓ ጸሎት እንዲደርስ ወደ ከተማ መልሶ መንዳት ጀመረ። አንዱ መታጠፊያ ላይ የኋላ ጎማው ሸርተት ብሎ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጋዝ ሰጠ፣ ጎማው ዞረ፣ መኪናው ጠለቀ። እንውረድና እንግፋ ስለው “እዚህ አይወረድም” አለኝ። ሞተሩን አጠፋ። ዝም ሲል ጫካው ተሰማ። ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን፤ የእንጨት ለቃሚ አሰባበር አልነበረም። ከዚያ እንደ ትልቅ ወናፍ ያለ ትንፋሽ።

ጃተኒ በፊት መስታወት ያያል፣ እኔ በመነጽሬ አያለሁ፣ ሁለታችንም ነጭ። ያን ጊዜ አስካለ ከኋላ፣ ለደንበኛ ወጥ እንደምታቀርብበት ድምፅ፣

“ልጄ፣ ስፖኪዮህን መልሰው። ዝሆኑ ከኋላችን ነው” አለች።

ጃተኒ አልተንቀሳቀሰም። እጆቹ መሪው ላይ ደረቁ።

“ነውሩን በኋላ እናስብበታለን” አለችው። “አሁን መልሰውና እየው፤ የምትነዳው አንተ ነህ።”

መለሰው። በኋላ እንደነገረኝ ከሆነ ስፖኪዮው ውስጥ መጀመሪያ ያየው ዝሆኑን አይደለም።

እኔ ዝሆኑን ለማየት ዞርኩ፤ ዞርኩ ስል ዓይኔ ነው የዞረው፣ የሟቹ ካፖርት ኮሌታ አንገቴን ይዞ አልለቅም አለ። በአስካለ በኩል ያለው መስኮት ጨለመ፤ አንድ ግራጫ ግድግዳ መኪናውን ዳበስ እያደረገ አለፈ፤ ከዚያ መስኮቱ እንደገና ነጭ ሆነ። ዝሆን ለማየት ከሞያሌ አስጨብጭቤ ወጥቼ፣ ያየሁት የዝሆን ማለፍን ነው። አስካለ ግን ዓይኑን አይታለች፤ ሽፋሽፍት አለው አለችን። ሽፋሽፍቱ ላይም ውሃ ነበረበት አለች።

ከዚያ ጃተኒ ከማርታ በተማረው አማርኛ “ማማ፣ መቼ አወቅሽ?” አለ።

“ስፖኪዮውን ወደ ጣሪያ ስታዞር። ሞያሌ ነው ያረጀሁት፤ የቦረና ልጅ ፊቱን ከማን እንደሚያዞር አላውቅም?” ለእኔም አንድ እይታ ደረሰኝ። ካፖርቱ ውስጥ ቦታ ነበርና ትንሽ ዝቅ አልኩ።

“ሽማግሌ የት ነበር?” አለችው።

አባቱ እንደሞተ፣ አጎቶቹ ኡራን ከከብቶቻቸው ጋር እንደሆኑ፣ ሂዱልኝ ሲላቸው “ሐበሾቹ እምቢ ብለው ያሳፍሩናል” እንዳሉት ቀስ እያለ ነገራት። “እኔም ፈራሁ ማማ። እምቢ ትያለሽ ብዬ።”

“እምቢ እል ነበር” አለች አስካለ። “ሁለተኛ ቢመጡም እምቢ እል ነበር። በሦስተኛው እሺ እል ነበር። ሦስት ጊዜ መመላለስ ነው የከበደህ?”

ልጁ አንገቱን ደፋ። አስካለ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ተሳክቷል ይሁን አልተሳካም፣ ከጀርባዋ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

ቆይቶ የጫካ ጠባቂዎች መኪና መጥቶ በገመድ ጎተተን። ግፋ ተብዬ ስገፋ ጎማው ያመጣውን ጭቃ በሙሉ ካፖርቱ ተቀበለው። አስካለ ከመስኮት “ጁምዓው አለፈበት ይኸ ልጅ” አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ይህችን ቃል ያዝኳት።

ከተማ ስንገባ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ማማ ጉማቶ ማረፊያ፣ አንዱ ወደ ልጆቹ ቤት። ጃተኒ መገንጠያው ላይ ሊቆም እስኪል ድረስ ቀስ አለ። አስካለ አልተናገረችም። ወደ ቤቱ ታጠፈ፤ አሁንም አልተናገረችም።

ጉሙ በሩን ሸፍኖታል። የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ማርታ ከውስጥ “ማነው?” አለች፤ ዛሬ ክሊኒክ ቀጠሮ ስለነበራት ገና መግባቷ ነበር። እኔ አፌን ስከፍት አስካለ ቀደመችኝ። “እኔ ነኝ” አለች። ማርታ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ከጉሙ ውስጥ ወጣች። ተሳሳሙ፤ አልተላቀሱም፣ እጅ ለእጅ ብቻ ተያይዘው ቆሙ። ማርታ “ግቢ እማዬ፣ ብርድ ነው” አለቻት። አስካለ በረንዳው ላይ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። “እዚህ ይበቃኛል” አለች። ደፍ አልረገጠችም።

ጃተኒ ገብቶ ከቤቱ የተሻለውን የእንጨት ጮጮ ወተት ሞልቶ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አቀረበላት። በእነሱ እንግዳ የሚቀበሉት በወተት ነው። ማርታ ወተቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው ከጓዳ የሥጋ ሽታ መጣ። እሷም ዞራ “ምንድን ነው ያረድከው?” አለችው።

ልጁ ደስ ብሎት አስረዳ። እስላም ያረደውን እንደማንበላ ያውቃል። ስለዚህ ገና ጎህ ሳይቀድ በጉሙ ውስጥ ሄዶ፣ ከሜሩ የመጣ አንድ ክርስቲያን አናጺ ቀስቅሶ፣ በክርስቲያን እጅ፣ በክርስቲያን ቢላዋ ፍየል አሳርዷል። ጎረቤት ሴት ደግሞ ማርታ ክሊኒክ ሄዳ ሳለ በአዲስ ድስት ቀቅላዋለች። ዓርብ በእሱ ዘንድ የተከበረ ቀን ነውና፣ ዓርብ ማለት ይገባሃል ስለው ትልቅ እንግዳ ነው፣ ሥጋ ይታረድ ማለቴ መስሎታል። “ክርስቲያን መሆኑንም አረጋግጫለሁ” አለ። “አንገቱ ላይ መስቀል አለ። ትልቅ ነው።”

ማርታ “ዓርብ እኮ ጾም ነው” አለችው።

ጃተኒ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እኔን አየ። ወተቱ እጁ ላይ ነበር። እኔ ለቀኑ እንዲህ ስለተራቀቅኩበት ራሴን ልመታ ፈለግኩ፤ ክንዴ ከእጅጌው አልወጣም። እነሆ ለአስካለ ሰበብ እንዳይኖር ብዬ የመረጥኩት ዓርብ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ሰበብ አቀረበላት። ወተት አልጠጣም፣ ሥጋ አልበላም፣ ጾም ነው ብላ በክብር ተነስታ ብትሄድ ማንም አይቀየማትም። ነጠላዋን ስታስተካክል አየሁ፤ ልትነሳ ነው። ማርታም አየች።

አስካለ ተነሳች። ጃተኒን፣ የእሱ ዓይን መሬት ላይ ቢሆንም፣ ትክ ብላ አየችው።

“አንተስ ይህን ሥጋ ትበላለህ?” አለችው።

“እኔ? አይ፣ እኔ አልችልም ማማ። ክርስቲያን ነው ያረደው።”

“አንድ ጉርሻ እንኳ የማይደርስህን የራስህን ፍየል አሳረድክ።”

“ለእናንተ ነዋ” አለ ልጁ፣ ጥያቄው ሳይገባው።

አስካለ ማርታን “ያልተቀቀለው ሥጋ የት አለ?” አለቻት።

“ጓዳ፣ ሳፋ ላይ” አለ ጃተኒ ቀድሞ።

“በዚህ ብርድ ያድራል?”

“ሳምንትም ያድራል እማዬ።”

“ሞያሌ ቢሆን እስከ ማታም አይቆይ” አለችና ደፉን ተሻግራ ገባች። ከውስጥ ድምፅዋ ብቻ ይሰማን ነበር፤ ሳፋ ላይ ሥጋ ይቀመጣል እንዴ፣ ገመድ አምጪ፣ እዚህ ጋ ይሰቀል፣ ነገ ቅዳሜ ነው እኔ እሠራዋለሁ። ማርታ “ነገ” ስትላት፣ ሌሊቱን የት ልታድሪ ነው ብላ በፍርሃት ጠየቀቻት።

“አባትሽ ሆቴሉ ይሂድ” አለች አስካለ። “እኔ ሥጋ ሰቅዬ የትም አልሄድም።”

ያን ቀን የበላነው ማርታ ቶሎ የቀቀለችውን ባቄላ ነው። ጃተኒ ወተቱን ይዞ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። “ምዜ፣ ተቆጥታለች?” አለኝ። ጮጮውን ተቀብዬ “እኔ ሳላውቅ አርባ ዓመት ሆኖኛል” አልኩት።

ቅዳሜ

ማማ ጉማቶ ጭቃ የለበሰውን ካፖርት አይታ አልተቆጣችም፤ ባሏም እንዲሁ አድርጎ ይመጣ ነበር አለች፤ አጥባ እሳት ዳር ሰቀለችው። ብቻዬን ስለነበርኩ አዘነችልኝና ቁርስ እጥፍ ሰጠችኝ። አልተቃወምኩም።

እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ቤት ስደርስ አስካለ ጓዳውን ከያዘችው ቆይታለች። ዝሆን ለማየት ከመጣችበት ቦርሳ በርበሬ ወጥቷል፣ ሽሮ ወጥቷል፣ የገንፎ እህልም ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሳየው ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔ አልጠየቅኩም፣ እሷም አልነገረችኝም። እሑድ ብቻዬን እንደምወርድ ግን ነገረችኝ፤ ምግብ ቤቱን ለማን እንደማስረክብ፣ እስክትመለስም ወጥ እንዳልነካ። መቼ ነው የምትመለሺው ስላት ወደ ማርታ ሆድ ጠቁማ “እሱን ጠይቀው” አለች።

ቀይ ወጡ ደረሰ። ማርታ፣ እኔ፣ አስካለና መስቀሉ እውነትም ትልቅ የሆነው አናጺ አንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። ጃተኒ ግን ከአማቱ ጋር አይበላም፣ ሥጋውንም አይነካም፤ ከመጋረጃው ወዲያ መኝታ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። አስካለ ከእኛ በፊት ለብቻው በያዘችው ትንሽ ድስት ሽሮ ሠርታ በሳህን አድርጋ በመጋረጃው ሥር አስገብታለት ነበር። “ስንት ሰው ነው ያለው እዚያ?” እስክል ድረስ ሞልታው ነው።

እየበላን ሳለ የመጋረጃው ጫፍ ተነቃነቀ። አንድ ረጅም እጅ ባዶውን ሳህን ይዞ በቀስታ ወጣ፣ ወለሉ ላይ አኖረውና ተመልሶ ሊገባ ሲል፣ እንደማፈር ብሎ፣ ሳህኑን በአንድ ጣቱ ወደ አስካለ ትንሽ ገፋ አደረገው።

አስካለ ተነሳች። ሳህኑን አነሳች፣ ሞላችው።